ሲከፋኝ ፎቶ ማንሳት ለምን ያቅተኛል?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፎቶግራፍ አነሳለሁ። ደስ ባለኝ ቀን የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ስደርስ ሁሉም ነገር ሥዕል ሆኖ ይታየኛል፤ ሲከፋኝ ግን ያንኑ ጀልባና ያንኑ መረብ አይቼ ካሜራዬን ሳልከፍት እመለሳለሁ። መንፈሴ እስኪነቃቃ ልጠብቅ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይጠብቁ። ስሜት የሚለውጠው ካሜራውን ሳይሆን የአንሺውን ዐይን ነው፤ ደስ ያለው ሰው ተጠግቶ የዓሣ አጥማጁን ሳቅ ሲያነሳ፣ የከፋው ደግሞ ራቅ ብሎ ይቆምና ከዓሣ ቆራጮቹ ጀርባ አንገቱን ቀብሮ ብቻውን የቆመውን አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ያያል። እውነቱን ለመናገር እኔ ሁለተኛውን ፎቶግራፍ እመርጣለሁ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለዓመታት ደመናን ደጋግሞ ያነሳው የውስጡን ስሜት በምስል ለመግለጽ ነበር።

የሚጠበቅ ነገር ካለ ብርሃን ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ጀልባዎቹን ፊት ለፊት ታበራቸዋለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ግን ከጀልባዎቹ ማዶ ስለምትጠልቅ ጥቁር ቅርጻቸው ብቻ ይቀራል። በከፋዎት ቀን በዚህ ሰዓት ይሂዱ፤ ያነሱትንም እዚያው አይሰርዙ፤ የተከፋ ሰው ደህናውንም ይጥላልና ከሳምንት በኋላ ይመልከቱት።