የትወና ሙያን የት ከተማ እንጀምር? ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ትወና ለመማርና ለመሥራት የትኛው ከተማ እንደሚሻል ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ተደጋግሞ ስለ ተጠየቅሁ፣ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እንደ አቅሜ መልሻለሁ። ትወና የጀመርሁት ደብረ ማርቆስ በአማተር ክበብ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ቴአትር ተምሬ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ባሕር ዳር ወጣቶችን አሠለጥናለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያና በድራማ ክበብ ስሠራ ነበር። አሁኑኑ አዲስ አበባ ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ምን ፈልገሽ እንደምትሄጂ ለይ። ለትምህርት ከሆነ ሂጂ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ያህል በቴአትር ትምህርት ረጅም ልምድ ያለው ተቋም በአገራችን የለም፤ ለመግቢያ ፈተናውም ከወዲሁ ተዘጋጂ። «እዚያ ከደረስሁ አንድ ሰው ያየኛል» በሚል ተስፋ ብቻ ከሆነ ግን ቆዪ እላለሁ። ጀማሪን የሚያሳድገው በተመልካች ፊት ደጋግሞ መቆሙና ስሕተቱን የሚያርም አዘጋጅ ማግኘቱ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ስምንት ወር ሙሉ ከኦዲሽን ኦዲሽን ስዞር አንድ ገጸ ባሕርይ እንኳ ሳልጫወት ወደ ማርቆስ ተመልሻለሁ፤ በዚያ ጊዜ በክበባችን የቀሩት ጓደኞቼ ሁለት ተውኔት ለመድረክ አብቅተው በየወረዳው አሳይተው ነበር፤ በድምፅም በእርጋታም ጥለውኝ ሄደው አገኘኋቸው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከተማዬን ሳልለቅ በትወና ብቻ መተዳደር እችላለሁ?

መልስ፦ በትወና ብቻ መተዳደር ከባድ ነው። ባሕር ዳር የሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም መቀመጫው እዚሁ ስለሆነ የድምፅና የድራማ ሥራ አልፎ አልፎ ይገኛል። ሆኖም አብዛኞቻችን ከትወናው ጎን ማስተማርን ወይም ሌላ ሥራን ይዘናል። የአዲስ አበባን ልዩነት የሚያመጣው የቴአትር ቤቶቹ ብዛት ነው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር፣ ራስ ቴአትር፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ሁሉም በአንድ ከተማ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች በወር ደመወዝ የተቀጠሩ ቋሚ ተዋንያን አሉ፤ ተጋባዥ ሆኖ የሚሠራው ደግሞ በስምምነት ይከፈለዋል። አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ስለሚዘልቅ፣ ተጋባዡ ተዋናይ በአንዱ ብቻ አይኖርም፤ በሌላው ቀን ሌላ ተውኔት፣ በመካከሉም የተከታታይ ድራማ ቀረጻ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ማገናኘት የሚቻለው አዲስ አበባ ሲኖሩ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የጎጃም አነጋገሬ እንቅፋት ይሆንብኛል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አነጋገርህን አትፈርበት። የአዲስ አበባውን አነጋገር ጨምረህ ተማር፤ የራስህን ግን አትጣል፤ የገጠር ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ሌላው ለማስመሰል የሚደክምበትን አንተ ይዘኸው ተወልደሃል። ከዘዬው ይልቅ የሚያሳስበኝ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሽ በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ «እኔ ወንድሜን አልገደልሁም» የሚለው ተዋናይ ድምፁ መጨረሻ ላይ ከወደቀ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው መግደሉን ይስማ አለመግደሉን አያውቅም። የመጀመሪያው አዘጋጄ በቀበሌው አዳራሽ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግሱ ባልተሰማው ቁጥር እጁን ያነሣ ነበር፤ አንዲቱን ቃለ ተውኔት አንድ ከሰዓት ሙሉ የደገምሁበት ቀን ነበር። ለዚህ ልምምድ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከደብረ ኤልያስ፣ አባት)፦ ልጄ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ አሁን ተዋናይ እሆናለሁ ይላል። ትምህርቱ ከንቱ ሊቀር ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ከንቱ አይቀርም። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የእርስዎ አገር ልጅ፣ የደብረ ኤልያስ ተወላጅና የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ቅኔ የቆጠረ ልጅ ቃልን በቃሉ መያዝንና ከአንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ማውጣትን ለምዷል፤ ይህን ለማስተማር እኛ ብዙ እንደክማለን። የምለምንዎ፣ ከመሄዱ በፊት የጀመረውን እንዲጨርስ ይምከሩልኝ፤ ሲሄድም መርቀው ይሸኙት።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ለፊልም ኦዲሽን የመመዝገቢያ ገንዘብ ክፈል ተባልሁ። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። ተዋናይ የሚፈልግ አዘጋጅ ለተዋናይ ይከፍላል እንጂ ከተዋናይ አይቀበልም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አዲስ አበባ ለመግባት ወስኛለሁ። ምን ይዤ ልምጣ፣ የት ሰፈርስ ልከራይ?

መልስ፦ ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ ሳትይዝ አትነሣ፤ ቤቱንም ከሁለት ጓደኞች ጋር ተጋራ። ከመሃል ከተማ ርቆ ኪራዩ የረከሰ ቤት ያጓጓል፤ ነገር ግን ልምምድና ትርኢት የሚያልቀው ሲመሽ ስለሆነ በኪራይ ያተረፍኸውን ለማታ ትራንስፖርት ትከፍለዋለህ። ለደላላው ገንዘብ ከመስጠትህ በፊት አንድ ማታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ ቆመህ ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ መኖር አለመኖሩን በዓይንህ አይ።