መልስ፦ ሲጋራ ለማቆም ከሚደውል ሰው ምን እንመዝግብ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ለምትጀምሩት የስልክ ምክር ከደዋዩ ምን እንመዝግብ ብላችኋል። ቅጹን አታርዝሙት፤ ሰው ስልኩን ይዘጋባችኋል። በቀን ስንት ያጨሳል? ጠዋት ከተነሳ በስንት ደቂቃው የመጀመሪያዋን ይለኩሳል? 30 ደቂቃ ሳይሞላ የሚለኩስ ከሆነ ሱሱ ጠንከር ያለ ነው፤ ምክሩም በዚያው ልክ ይሁን። ስሙን ግን አታስጨንቁት። እኛ ጎጃም ማጨስ ነውር ስለሆነ ብዙው ከቤተሰብ ተደብቆ ነው የሚያጨሰው። መልሳችሁ ስትደውሉ ሚስቱ ብታነሳውስ? የሚመቸውን ሰዓትና ቁጥር አስቀድማችሁ ያዙ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ደዋዩ ከተመዘገበ ከ7 ወር በኋላ ደውሎ ‘ባለፉት 30 ቀናት አጭሰሃል?’ ማለት ነው። ከደዋዮቹ ስንቱ እንዳቆመ ስታሰሉ፣ ያኔ ስልክ ያላነሳውን ዝም ብላችሁ ከስሌቱ አታውጡት፤ ካወጣችሁት ውጤታችሁ ከእውነቱ በላይ ያምራል።