የጠላ ጋን ምን ይናገራል? ስለ ወሎ ጠመቃ ታሪክና ቅሪት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ጥንታዊ መጥመቂያ ቤቶች ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በሙሉ አንብቤአለሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ የሸክላ ስባሪ መመዝገብም ለዓመታት የቆየሁበት ሥራ ነው። የሚቀራረቡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በልጅነታችን አንድ ግቢ እያሳዩ «የጥንቱ መጥመቂያ» ይሉን ነበር። ደሴ ላይ የቢራ ፋብሪካ ኖሮ ያውቃል?

የአካባቢያችን የቢራ ፋብሪካ የሚገኘው ኮምቦልቻ ነው፤ የተገነባውም በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በአገራችን ቀዳሚው የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ አበባ ነው። አባትዎ ያሳዩዎት ግቢ ግን ጠላ ይጠመቅበት ወይም ጠጅ ይጣልበት የነበረ ቤት ሊሆን ይችላልና ነገሩን በቀላሉ አይለፉት። በእኛ ከተሞች መጥመቂያው ጭስ ማውጫና የብረት በርሜል ያለው ሕንፃ ሳይሆን አንዲት ሴት፣ አራት አምስት ጋን፣ የብቅል መስጫ ቦታና በቀርበታ የሚቀዳ ውኃ ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋ ግድግዳው ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ቤት ሲዘጋ ግን የሚቀረው ሸክላ፣ አመድና አተላ የተደፋበት አፈር ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የምንፈልገው ከእነዚህ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ይበላበት በነበረው በአይጠየፍ አዳራሽ የሚጠጣው ከየት ይመጣ ነበር?

ከቤተ መንግሥቱ ከራሱ ጓዳ። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ንግሥናቸውን ተቀብለው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ እስከተማረኩ ድረስ ደሴ መናገሻቸው ነበረች። የአዳራሹ ስም፣ ሲነገር እንደኖረው፣ እስላም ክርስቲያኑ ሳይጠያየፍ በአንድነት ይስተናገድበት ከነበረው ግብር የመጣ ነው። በዘመኑ የአንድ ትልቅ ሰው ግቢ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤት ለየብቻ ነበሩት፤ ጠጅ ጣዩዋ የጣለችውን አሳላፊው ለእንግዳው ያቀርበዋል። የተጣራው ጠጅ ለመኳንንቱ፣ ቀጠን ያለው ጠጅና ጠላ ደግሞ ለብዙው ሠራዊት ይቀርብ ስለነበር ግብሩ ላይ የሚጠጣው መጠጥ ራሱ የማዕረግ መለያ ነበር። ሰው ሁሉ አዳራሹን ብቻ እያየ ይመለሳል። እኔ ግን ከአዳራሹ ጀርባ ያለው መሬት ከአዳራሹ ባልተናነሰ ጥበቃ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ የጓዳው ምድጃ፣ የጋን መደብና አተላ መድፊያው የሚፈለጉት በዚያ በኩል ነውና።

ጥያቄ፦ የሸክላ ስባሪ የጠላ ዕቃ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ይህን ስጽፍ አያቴ ትጠምቅበት ከነበረው ጋን የቀረ አንድ ስባሪ ከፊቴ አለ። ውጩ በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ የእሳት ጥላሸትም የለበትም፤ ምክንያቱም ጋን እንደ ድስት ምድጃ ላይ አይጣድም። ውስጡን ብናይ ከአንገቱ በታች የፈንጣጣ ጠባሳ በሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተበልቷል፤ ወደ አፉ ሲቀርብ ግን ጉድጓዶቹ ድንገት ያቆሙና ገጹ እንደገና ይለሰልሳል። ጠላው የሚደርሰው እስከዚያ መስመር ድረስ ነበር። ጥንስሱ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ የሸክላውን ውስጠኛ ገጽ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ጋኑ በየጊዜው በግራዋ ሲታሸና በወይራ ሲታጠን ከኖረ ደግሞ ጠባሳው የብዙ ዓመት ጠመቃ ምስክር ይሆናል። በጋሞ ደጋ የተደረገ የሸክላ ጥናት ይህንኑ ጠባሳ ከሀብት ጋር አያይዞታል፤ ከቀለቡ ተርፎ ለመጠጥ የሚሆን እህል ያለው ቤት ብቻ ነው አዘውትሮ መጥመቅ የሚችለው።

ሁለተኛው ምልክት እህሉ ነው። አሻሮ ሲቈላ አንዳንዱ ፍሬ አርሮ ከምጣዱ ይወድቃል፤ የከሰለ ፍሬ ደግሞ አይበሰብስም። በቅሎ የነበረ ገብስ ከሆነ ቡቃያው በፍሬው ጀርባ በኩል ያለፈበት ጎድጎድ ያለ መስመር በአጉሊ መነጽር ይታያል። የከሰለ ብቅል፣ ውስጡ የተበላ ጋንና የአተላ አፈር በአንድ ቦታ ከተገኙ ቤቱ መጥመቂያ ነበር ለማለት ጠንካራ ማስረጃ አለን።

ጥያቄ፦ ጠመቃ በአገራችን ምን ያህል ጥንታዊ ነው?

የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ተማርከው ወደ ሌላ አገር የተወሰዱት የቤጃ ሰዎች እስኪጠግቡ ጠላ፣ ወይንና ውኃ ይቀርብላቸው እንደነበር ይናገራል፤ የተማረከን ሕዝብ በመንገድ ላይ እስኪጠግብ ማጠጣት የሚችል መንግሥት ጠመቃን ከቤት ጓዳ በላይ አሳድጎት ነበር ማለት ይመስለኛል። ከአገራችን ውጭ ደግሞ በግብፅ አቢዶስ የተገኘው መጥመቂያ 5,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ስምንት ክፍሎች ያሉት ሲሆን በየክፍሉ 40 ያህል የሸክላ ገንዳዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚጠመቀውም ወደ 22,400 ሊትር ይገመታል። ይህንኑ ስፍራ ከመቶ ዓመት በፊት ያዩት ተመራማሪዎች እህል ማድረቂያ ምድጃ መስሏቸው ነበር። ምድጃና ሸክላ ያየን ሁሉ ወዲያው ስም ለማውጣት እንዳንቸኩል ይህን ደጋግሜ አነሣለሁ።

ጥያቄ፦ ከእስላም ቤተሰብ ነኝ፤ በእኛ ቤትም ትልልቅ ጋኖች ነበሩ። እነዚያስ የጠላ ናቸው ሊባል ነው?

በፍጹም፣ እህቴ። በወሎ እስላም ቤቶች ብርዝና ከተቈላ ገብስ የሚሠራው ቅሪቦ ለሠርግም ለእንግዳም ሲቀርቡ ኖረዋል፤ ጋንም ለውኃና ለእህል ማስቀመጫ ያገለግላል። የዕቃው ቅርጽ ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ውስጡን ሳያዩ፣ ቤቱ የማን እንደነበርም ሳይጠይቁ መፍረድ ስሕተት ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ቃል ከሸክላው ጋር አብሬ የምመዘግበውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መሠረት ሲቈፈር የተቃጠለ አፈር ወጣ። የጣሊያን ቦምብ ያቃጠለው መጥመቂያ ይሆን?

ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን መደብደቧ እውነት ነው። ነገር ግን ምድጃም፣ የሣር ክዳን ቤት ቃጠሎም ተመሳሳይ አፈር ይተዋሉ። ቃጠሎው ሰፊ ቦታ ይሸፍን እንደሆነ፣ ከላይና ከታቹ ምን እንዳለ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ከነአፉ የተቀበረ ጋን አገኘን። ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት አትጠቡት። ሰው ቅርስ ሲያገኝ በቅንነት የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት መታጠብ ነው፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተሸሸገው የእህል ደቃቅና ዝቃጭ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ጋኑን ከነአፈሩ ባለበት ተዉት፤ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከመሬቱ ገጽ ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ጻፉ፤ ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ሸፍኑት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ግኝት ሳይነካ ለባለሥልጣኑ እንዲገለጽ ያዛል፤ ስለዚህ በቅርብ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ባለሙያው እስኪደርስ ባለው ጊዜ በግቢው ስለኖሩት ሰዎች የሚያውቁ አያት ወይም ጎረቤት ካሉ ማን ይጠምቅ እንደነበር፣ ውኃውና ጌሾው ከየት ይመጣ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። እነርሱ ዛሬ ካልተጠየቁ ጋኑ ብቻውን ይህን አይነግረንም።