ፖቭር ከፊት፣ ፖቭር ከኋላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፓሪስ አካባቢ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቀደም የቋንቋ ክፍል ውስጥ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ተባልን። «አባቴ ድሃ ሰው ነበር» ለማለት «አን ፖቭር ኦም» ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ ደንግጣ «አባትሽ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ምኑን አበላሸሁት? እንግሊዝኛውም «ፑር» ነው፣ ለምን ተመሳሰሉ? ደግሞ ባቡር ውስጥ ልጆች «ሚስኪን!» ሲሉ እሰማለሁ፤ ቃላችንን ከየት አመጡት?
አንባቢ፣ ከፓሪስ

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉን አልሳትሽም። የሳትሽው ቦታውን ነው። እኛ «ድሃ» ብለን ነው «ሰው» የምንለው፤ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዘሽ ፈረንሳይኛ ስትገቢ ትርጉሙ ሌላ ይሆንብሻል። «አን ኦም ፖቭር» ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። «አን ፖቭር ኦም» ግን አንጀት የሚበላ ምስኪን ነው፤ ሦስት ፎቅ ቤት ያለው ሀብታምም ሊሆን ይችላል። መምህሯ አንድ ነገር የደረሰባቸው መስሏት ነው።

ከፊት የመጣ ፖቭር ሁሉ ግን አዘኔታ አይደለም። ፕሬዝዳንት ሳርኮዚ እ.ኤ.አ. በ2008 በግብርና ትርኢት ላይ አንድ ሰው «አትንካኝ» ቢላቸው የመለሱለት ስድብ በዚሁ ቃል ነበር የታጀበው፣ የቀረውን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ሰውየው ኪስ ግን ምንም አላሉም።

«ፑር» እና «ፖቭር» እናታቸው አንድ ናት፣ የላቲኗ «ፓውፐር»። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውንም ይዘው ገቡ፣ ቀስ በቀስም የአገሬው ቃል «ኧርም» ከቤቱ ወጣ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «አርም» ይላሉ። እንግሊዞች ኋላ ላቲኑን ራሱን እንደገና ወሰዱና «ፖፐር» አሉ፤ ይህኛው በደብሩ ምጽዋት የሚኖረውን ሰው መጥሪያ ሆነ። ይሄን ቃል አልወደውም። በ1697 የወጣ ሕግ እርዳታ ተቀባዩ በቀኝ እጅጌው ትከሻ ላይ፣ በቀይ ወይም በሰማያዊ ጨርቅ የተቆረጠ ትልቅ የ«ፒ» ፊደል ከደብሩ ስም መነሻ ፊደል ጋር እንዲሰፋ ያዝዝ ነበር፣ ሚስቱና ልጆቹም ጭምር። ዳቦ ልትገዛ የወጣች ልጅ ትከሻዋ ላይ ተጽፎባት ማለት ነው። የተሻረው በ1810 ነው።

ደሞዝ እስኪወጣ ኪስሽ ባዶ ከሆነ ግን ፖቭር ነኝ አትበዪ። ያኔ «ፎሼ» ነሽ፣ የታጨደ ማለት ነው፤ ሲያጋንኑትም እንደ ስንዴ የታጨድኩ ይላሉ። እንግሊዙ «ብሮክ» ይላል። የኛው ቺስታ ነው፣ ወር ሲሞላ የሚለቅ።

ወደ ባቡሩ ልጆች ስንመጣ ጆሮሽ አልዋሸሽም። «ሚስኪን»ን ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች በዓረብኛቸው ይዘውት ገብተው ነው የሰፈር ቋንቋ የሆነው፤ የኛም ምስኪን የዚያው ዘር ነው። ሥሩን ካልሽ ባቢሎን ድረስ ይወስድሻል፣ በአካድኛ «ሙሽኬኑ» ነበር። የሚገርመኝ ግን ይሄ ቃል ፈረንሳይ ሲገባ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያው የዓረብኛ ቃል በጣሊያን በኩል ዞሮ ገብቶ «ሜስካን» ሆኗል። ዛሬ ሜስካን የሚባለው ታዲያ ድሃው አይደለም፣ ካፌ ገብቶ የሻዩን ሒሳብ በሳንቲም የሚከራከረው ቆጥቋጣ ነው! ምስኪኑ ምን አድርጎ ይሄ ስም እንደወጣለት እንጃ።

ለመምህሯ ጽሑፉን ስትመልሺላት «ኦም» የሚለውን አውጪው። «ሞን ፔር ኤቴ ፖቭር»፣ አባቴ ድሃ ነበር። እንዲህ ስትዪ ከፊት ከኋላ የሚያሰኝ ነገር የለም።