አስቸኳይ ዳታ በተጨናነቀ የሴንሰር ኔትወርክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ መጋዘን ውስጥ 60 የዚግቢ (በአነስተኛ ኃይል የሚሠራ ገመድ አልባ ኔትወርክ) ሴንሰሮች ተክለናል። በአዘቦት ቀን ምንም አይሉም። የጭስ ሙከራ ስናደርግ ግን ማንቂያው ወይ ይዘገያል ወይ ጭራሽ አይደርስም። ለምን?

መልስ፦ ጭሱን ብዙዎቹ ባንዴ ስለሚያዩት ነዋ! ዚግቢ የቆመበት 802.15.4 የተባለው የሬዲዮ ስታንዳርድ በ2.4 ጊጋኸርዝ በሴኮንድ 250 ኪሎቢት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። 127 ባይት የሞላ ፓኬት (ባንዴ የሚላክ የዳታ እሽግ) ከ4 ሚሊሴኮንድ በላይ አየሩን ይይዛል። ሴንሰሩ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ አየሩ ከተያዘ ጠብቆ ይደግማል፤ በተለመደው ሴቲንግ 5 ጊዜ አዳምጦ ካልቀናው መላኩን ይተወዋል። ማንቂያችሁ የቀረው እዚያ ሊሆን ይችላል። ጌትዌዩ (የሁሉንም ዳታ የሚሰበስበው መሣሪያ) አጠገብ ያሉት ሴንሰሮች ደግሞ የራሳቸውንም የሌላውንም ስለሚሸከሙ ቀድመው የሚታነቁት እነሱ ናቸው። አስቸኳዩን ከተራው ለዩ፤ የሙቀት ሪፖርት ከጭስ ጋር አንድ ወረፋ ላይ መቆም የለበትም።

ጥያቄ፦ የመላኪያውን ኃይል ብንጨምርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጎረቤትን መረበሽ ነው ትርፉ።

ጥያቄ፦ ፓኬቱ መድረሱን የሚናገረው ማረጋገጫ በየቅብብሉ (ከአንዱ ሴንሰር ወደ ሌላው በሚተላለፍበት እያንዳንዱ እርምጃ) ይሁን ወይስ ከጌትዌዩ ይምጣ?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! እያንዳንዱ ቅብብል ከ100 ፓኬት 90 ያሳልፋል እንበል። ከ5 ቅብብል በኋላ የሚደርሰው 59 ገደማ ነው። በየቅብብሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም 95 ይሆናል። ከጌትዌዩ ማረጋገጫ ብቻ ከጠበቃችሁ ግን አራተኛው ላይ ለጠፋው ፓኬት መንገዱን በሙሉ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ፣ ያውም አየሩ በተጨናነቀበት ሰዓት። ስለዚህ በየቅብብሉ ይደገም፤ የጌትዌዩ መልስ መድረሱን ማወቂያ ይሁን። ማንቂያን በብሮድካስት (ለሁሉም ባንዴ በመላክ) አትላኩ፣ የየቅብብሉ ማረጋገጫ የለውም። አሁንም እላለሁ፦ አስቸኳዩን ለዩ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሎራ (ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ) ቢሆን ያለ ቅብብል ጌትዌይ ይደርሳል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሎራዋን (በሎራ ላይ የሚሠራው ኔትወርክ) አብዛኛውን ጊዜ ሳያዳምጥ ነው የሚልከው። 60ው ባንዴ ቢጮኹ አይጋጩም?

አንድ አባል፦ እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶልኛል።

ሌላ አባል፦ የአፈር እርጥበት አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማን ይጎዳል? እዚህ እሳት ነው።

መልስ፦ ትክክል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ የእኔም ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ሴንሰር? ስንት ቅብብል? የትኛው ቻናል? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ ዋይፋይ አጠገባችን አለ፤ የትኛው ቻናል ይሻላል?

መልስ፦ ዋይፋዩ 1፣ 6 እና 11 ላይ ከሆነ ከዚግቢ ቻናሎች 25 ወይም 26።

ጥያቄ፦ አስቸኳይ ዳታ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

መልስ፦ እላይ ሁለት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ እባክህ አንብብ። ለመለየት አንድ ቢት ይበቃል፤ ያ ቢት ያለበት ፓኬት ወረፋው ፊት ይግባ፣ ቦታ ከሞላ ተራው ይጣል። ሙከራውንም በአንድ ሴንሰር አታድርጉ። 60ውንም ባንዴ ቀስቅሱና ጌትዌዩ ላይ ስንቱ እንደደረሰ ቁጠሩ።