ለማርሽ ሎኮሞቲቭ ስንት ፐርሰንት ዳገት?

አቦ፣ «ለሼይ ሞዴል ባቡሬ 4 ፐርሰንት ዳገት ይበቃል ወይስ 8 ላድርገው?» ላልከው፣ እኔ ብሆን 6 ላይ እቆማለሁ። ሼይም ክላይማክስም (ሁለቱም የድሮ የእንፋሎት ማርሽ ሎኮሞቲቮች ናቸው) ማርሹ ሁሉንም ጎማ ስለሚያዞር ቀስ ብሎ ዳገት ለመውጣት የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግንድ በሚያመላልሱበት ጫካ 6 ፐርሰንትና ከዚያም በላይ ይወጡ ነበር። ለተራ ሎኮሞቲቭ ግን 2 ፐርሰንትም ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የኛን የድሬን አሮጌ ሐዲድ አይተህ አትገምት።

ሎኮሞቲቩ ብቻውን መውጣቱ ምንም አይነግርህም። ጉዱ የሚታየው ፉርጎ ሲከተለው ነው። ከዚራ ካለ አናጢ 1 ሜትር ጣውላ አምጣ፣ ሐዲዱን ምታበት፣ አንዱን ጫፍ 6 ሳንቲ ከፍ አድርግ፣ በቃ 6 ፐርሰንትህ እሱ ነው። ልትጎትት ያሰብከውን ፉርጎ በሙሉ ቀጥልና ሽቅብ ንዳው። ጎማው ባለበት ከተሽከረከረ ወይ ፉርጎ ቀንስ ወይ ዳገቱን።

ኩርባ ላይ ደግሞ ትንሽ አለስልሰው፣ ኩርባ ራሱ ጭነት ነው። ዳገቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ በአንዴ አትስበረው፣ መንጠቆው ይላቀቃል። ቁልቁለቱንም ፈትሽ እንጂ፣ አንዳንዱ ሞዴል ሽቅብ አሪፍ ሄዶ ሲወርድ ይንገጫገጫል።