«የትዕግስት ፍሬ»፦ በአትሌት ስም መጫወት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ የውጭ ጋዜጦች በአትሌቶች የአባት ስም እየተጫወቱ አርዕስተ ዜና ይሠራሉ። በአማርኛስ እንዲህ ማድረግ ያስኬዳል? ሰምና ወርቅ ሊባልስ ይችላል?

መልስ፦ ያስኬዳል። ግን የኛ መንገድ ከነሱ ይለያል።

ምሩጽ ይፍጠርን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ያሸነፈው ጀግና ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት። ቤት የመታላቸው የአባቱ ስም ነው፤ እነሱ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይወስዱታላ። የኛ ሰው ግን «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ቤቱ ባይመታም ሩጫው እዚያ ውስጥ አለ፦ አድብቶ ቆይቶ መጨረሻው ዙር ላይ ድንገት መፈትለኩ። እኔ የኛን እመርጣለሁ።

እኛ ሯጭን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ሲሆን ያምራል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ስሙና ተራው ቃል ሲጻፉ አንድ ናቸው። ለአርዕስት ጸሐፊ ይህ ሲሳይ ነው።

የሚያስቸግረው ግሡ ነው። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። «ትዕግስት አሸነፈች» ቢባል የምትታየው ሯጯ ብቻ ናት። «ትዕግስት አሸነፈ» ሲባል ደግሞ ጠባዩ ይቀራል፣ ልጅቷ ትጠፋለች። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዘው ግሥ የሌለበት አርዕስት ነው፦ «የትዕግስት ፍሬ»። ለወንድ ይቀላል። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 በተጠባባቂነት ተይዞ፣ የሲሳይ ለማ ጉዳት ዕድል ከፍቶለት የፓሪስን ኦሊምፒክ ማራቶን አሸነፈ። «ታምራት በፓሪስ ታየ» ብንል ግሡ ለሰውየውም ለተአምሩም ይሆናል።

ሰምና ወርቅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን ትርጉም የተሸከመው ቃል፣ እዚህ «ትዕግስት» ወይም «ታምራት»፣ ኅብረ ቃል ይባላል።

የአባት ስም ላይ ግን ቆጠብ ማለት ይሻላል። «ደፋሯ መሠረት» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። መሠረት ደፋር በአቴንስም በለንደንም 5 ሺህ ሜትርን አሸንፋለችና ውዳሴው ይገባታል። ነገር ግን «ደፋር» በኛ ቤት ስድብም ነው፤ ያውም የአባቷ ስም ነው። እኔ ብሆን አላወጣውም።

ደግሞ ስሙ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይጠየቅ። የኦሮምኛን ስም በአማርኛ ጆሮ ሰምቶ ሌላ ትርጉም መለጠፍ ነውር ነው። ትርጉሙን ጠይቆ መጫወት ግን ደስ ይላል። ደራርቱ የሚለው ስም በኦሮምኛ ከማበብ ጋር ይያያዛል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትርን ስታሸንፍ «ደራርቱ አበበች» የሚል አርዕስት ቢወጣ፣ ኦሮምኛ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ፈገግ ይላል፤ ሌላውም አበበ ቢቂላን ማስታወሱ አይቀርም።